ሙት በር ሲያንኳኳ

በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ከኮልስቪል ሮድ ጋር ከሚገናኝበት መስቀለኛ መንገድ ጥቂት ራመድ ብሎ አንድ የቆየ ሲኒማ ቤት አለ። ጆን ኢበርሰን የተባለ አርክቴክት ነድፎት በ1938 ተከፈተ፤ በ1984 ተዘጋ። ለዓመታት ሊፈርስ ነው ሲባል ከቆየ በኋላ የአካባቢው ሰው ተሟግቶለት፣ በ2003 በአሜሪካ የፊልም ተቋም ሥር ታድሶ ዳግም ፊልም ማሳየት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞቶ የተነሣ ሲኒማ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሃሎዊን ሲቃረብ የሚሰበሰቡለት እንግዶች ለታሪኩ የተመቹ ናቸው፤ ፊታቸውን አመድ ያስመሰሉ፣ ሸሚዛቸውን በቀይ ቀለም ያጨማለቁ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ የሚያጓሩ ወጣቶችና ጎልማሶች። የከተማዋ የዞምቢ ሰልፍ ይባላል።

ሰልፉ በሚያልፍበት ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤቱም ባልትናው ብዙ ነው። ክትፎ አዝዞ የተቀመጠ ሰው በመስኮቱ አሻግሮ ጉሮሮው የተዘነጠለ ጎረምሳ ሲያልፍ ያያል። እናት «በስመ አብ» ብለው ያማትባሉ፤ ልጅ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። እናትየው ጎረምሳውን የሚያዩት በመቃብር ዓይን ነው፤ ለልጅቱ የፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት ደግሞ ይህ ገጸ ባሕርይ ከማስፈራት አልፎ ማፍቀር ጀምሯል።

ዞምቢና ፍቅር በአንድ ፊልም ውስጥ! ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። የሚበሰብስ ገላ፣ የማይናገር አፍ፣ ሥጋ የሚሻ ጥርስ እንዴት አድርጎ ይፈቀራል? ይሁንና የዘውጉን ታሪክ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው አንድ ያልጠበቀው ነገር ያገኛል፤ ፍቅሩ መጀመሪያም እዚያው ነበር።

በ1932 የወጣው «ኋይት ዞምቢ» በርዝመቱ ሙሉ ፊልም የሆነ የመጀመሪያው የዞምቢ ፊልም እንደሆነ ይነገርለታል። ቪክቶር ሃልፐሪን አዘጋጀው፤ የድራኩላው ቤላ ሉጎሲ ጠንቋዩን ሆኖ ተጫወተ። ታሪኩ በሄይቲ ነው። ማድሊን የምትባል ሙሽራ ልታገባ ትመጣለች፤ አንድ ሀብታም የእርሻ ባለቤት ይመኛታል። ስላልፈለገችው ወደ ጠንቋዩ ሄዶ ዱቄት ይቀበላል። ሙሽሪት በሠርጓ ቀን ትሞታለች፣ ትቀበራለች፣ ከመቃብር ትወጣለች። ሰውዬው የተመኛትን አገኘ። ፒያኖ ትጫወትለታለች፤ ዓይኗ ግን ባዶ ነው፤ ወዴትም አያይም። ያን ጊዜ ይጸጸትና ወደ ቀድሞዋ ማድሊን እንድትመለስለት ይለምናል። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ትዕይንት ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ የጠንቋዩ የስኳር ፋብሪካ። ሙታኑ መፍጫውን ይገፋሉ። አንዱ ተደናቅፎ ወደ መፍጫው ይወድቃል። የቀሩት አያቆሙም፤ እንጨቱ እየተንቋቋ ይዞራል።

ይህ ትዕይንት ከባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ሄይቲን ከ1915 እስከ 1934 በጦር ይዛ ቆይታለች፤ በዚያው ዘመን፣ በ1929፣ ዊልያም ሲብሩክ የተባለ ተጓዥ ጸሐፊ ስለ ደሴቲቱ ባሳተመው መጽሐፍ በሸንኮራ ማሳ ስለሚሠሩ ሙታን የሰማውን ተረከ። ለሄይቲ ሰው ዞምቢ ነካሽ አውሬ አልነበረም። የፈረንሳይ ባሪያ ሆኖ በሸንኮራ ማሳ ላለቀ ሕዝብ ሞት ቢያንስ ማረፊያ ነበር፤ ነፍስ ወደ አፍሪካ ትመለሳለች ተብሎ ይታመን ነበር። ዞምቢ መሆን ማለት ያ ዕረፍት እንኳ መነጠቅ ነው፤ ሞቶም መሥራት። ሲብሩክ በጻፈው ታሪክ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ዝርዝር አለ። ዞምቢዎቹ ጨው እንዳይቀምሱ ይጠበቃሉ። አንድ ቀን ሳይታወቅ ጨው ያለበት ጣፋጭ ይሰጣቸዋል፤ ያን ጊዜ መሞታቸው ትዝ ይላቸውና ወደ ቀዬአቸው፣ ወደ መቃብራቸው ይሄዳሉ።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ይህን ታሪክ በሌላ ልብስ ያውቀዋልና። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የባህል አጥኚ በሸዋ ስለ ቡዳ እምነት የሰበሰበውን በ1974 አሳትሟል። የነገሩት ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ ሲቀበር በሌሊት ከመቃብር ይወጣል፤ ነፍስ ይዘራበታል፤ ይገረፋል፤ የቤት አገልጋይ ይሆናል። መናገር አይችልም፤ በዙሪያው የሚሆነውን ግን ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ እንስራ ወይም ወፍጮ ድንጋይ ይሆናል። በአያቶች አፍ ይህ ተረት ዛሬም አልጠፋም። በካሪቢያን ባሕርና በሸዋ ደጋ መካከል ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አለ? የሙት አገልጋዩ ግን አንድ ነው፤ አፉ ተይዟል፣ ጉልበቱ ተወስዷል፣ ስሙን የሚጠራው የለም።

ይህን ተረት ወደ ፊልም ማምጣት የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ጉድጓድ እንዳለበት ይወቅ። «ቡዳ» የተባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎች፣ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በእጃቸው ሙያ ሕዝቡን እያገለገሉ በሕዝቡ የተገለሉ ናቸው። ባሪያ አደረገ የሚባለው ራሱ መሬት የተነፈገው ሰው ነው። ይህን ሳያይ ተረቱን እንዳለ የሚቀርጽ ዳይሬክተር አስፈሪ ፊልም የሠራ ይምሰለው እንጂ የቆየ ሐሜት ነው በካሜራ የሚደግመው።

ወደ ሆሊውድ እንመለስ። በ1943 አርኬኦ የተባለው ስቱዲዮ ለፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን «ከዞምቢ ጋር ተራመድኩ» የሚል ርዕስ ብቻ ሰጥቶ ፊልም ሥራ አለው። ሉተን ርዕሱን ሲያየው ሳይከብደው አልቀረም። መፍትሔው ግን ብልህ ነበር፤ «ጄን ኤር» የተባለውን የታወቀ የእንግሊዝ የፍቅር ልብ ወለድ ወደ ካሪቢያን ደሴት አዛወረው። ዣክ ቱርነር ያዘጋጀው ይህ ፊልም አንዲት ነርስ የምታስታምማትን ዞምቢ ሴት ባል ስታፈቅር ያሳያል። ደም የለም ማለት ይቻላል። ነፋስ፣ የሸንኮራ ማሳ፣ ከሩቅ የሚሰማ ከበሮ፣ ነጭ ቀሚስ።

ፍቅሩን ከዞምቢ ፊልም ያባረረው ጆርጅ ሮሜሮ ነው። በ1968 ፒትስበርግ አጠገብ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ የሠራው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ዛሬ ዞምቢ ሲባል ሁሉም የሚያስበውን ፍጡር ፈጠረ። ጌታ የለውም፣ ጠንቋይ አያዝዘውም፣ ሥጋ ይበላል፤ በጭንቅላቱ ካልተመታ አይወድቅም። በፊልሙ ውስጥ ቶምና ጁዲ የሚባሉ ወጣት ፍቅረኞች አሉ። ጁዲ ቶምን ብቻውን አልልከውም ብላ ትከተለዋለች፤ መኪናው ሲቃጠል አብረው ያልቃሉ። ሙታኑ ቀርበው ይመገቧቸዋል፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ቢሆንም የሚያውቅ አልነበረም። ባርባራ የምትባለውን ደግሞ በመጨረሻ ስቦ የሚያወጣት የሞተው ወንድሟ ነው። የሮሜሮ ሕግ ግልጽ ነው፤ በዚህ ዓለም የሚያፈቅር ሰው ቀድሞ ይበላል። (አከፋፋዮቹ ርዕሱን ሲቀይሩ የባለቤትነት ማስታወቂያውን መጻፍ ረሱና ፊልሙ የማንም ሆነ። ማንም ያሳየው፣ ማንም ይቀዳው ነበር። ዞምቢው በዓለም ላይ እንዲህ የተዛመተው በከፊል በዚህ ስሕተት ነው፤ ሮሜሮ ግን ብዙ ገንዘብ አጥቷል።)

ከዚህ በኋላ የዞምቢ የፍቅር ፊልም መሥራት ማለት ከሮሜሮ ሕግ ጋር መጋፋት ማለት ሆነ። ግጭቱ ቀላል አይደለም፤ ፍቅረኞች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ዞምቢ ይነፍጋልና። ፍቅረኛ መነጋገር ይፈልጋል፤ ዞምቢ አይናገርም። ፍቅረኛ መነካካት ይፈልጋል፤ የዞምቢ ንክሻ ይበክላል። ፍቅረኛ ስለ ነገ ያልማል፤ ለዞምቢ መድኃኒት የለም። ጎበዝ የፊልም ጸሐፊ ሦስቱንም ሕግ በአንድ ጊዜ አይጥስም። ሁሉንም ከጣሰ ዞምቢው ፊቱ የነጣ ጎረምሳ ብቻ ይሆናል፤ ፍርሃቱ ይጠፋል፤ ከፍርሃቱ ጋር ፍቅሩም ክብደት ያጣል።

«ዋርም ቦዲስ» የጣሰውን እንይ። ጆናታን ሌቪን በ2013 ያወጣው ይህ ፊልም ከአይዛክ ማሪየን ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ኒኮላስ ሆልት የሚጫወተው ዞምቢ ስሙን ረስቷል፤ ከስሙ ትዝ የሚለው የመጀመሪያው ፊደል «አር» ብቻ ነው። ጁሊ የምትባል ልጅ ይወዳል። ሮሚዮና ጁልየት መሆናቸው ያልገባው ተመልካች ቢኖር ልጅቱ በረንዳ ላይ፣ እሱ ከታች ቆሞ የሚታዩበት ትዕይንት ያስታውሰዋል። አር መናገር አይችልም፤ ሐሳቡን ግን ተመልካቹ በጆሮው ይሰማል። ቀልደኛ ነው፣ ዓይን አፋር ነው፣ በራሱ አካሄድ ያፍራል። አፉ የተያዘ፣ ውስጡ ግን የሚናገር፤ በሸዋው ተረት እንዳለው አገልጋይ። ዘዴው ለፊልም ሠሪ ወርቅ ነው። ውጪው ሕጉን ይጠብቃል፤ ውስጡ ይጥሰዋል።

በዚያ ፊልም ውስጥ ግን ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ አር የጁሊን የቀድሞ ፍቅረኛ ገድሎ አንጎሉን በልቷል። አንጎሉን ሲበላ የሟቹን ትዝታ ይወርሳል፤ ልጅቱን የወደዳት በከፊል በሟቹ ዓይን አይቷት ነው። አስቀያሚ ነገር ነው፤ ፊልሙም ቶሎ ያልፈዋል፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ቶሎ። ደፋር ዳይሬክተር እዚህ ላይ ሊቆይ ይገባ ነበር።

ኤድጋር ራይትና ሳይመን ፔግ በ2004 በእንግሊዝ የሠሩት «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ» ሌላ መንገድ መረጠ። ዞምቢዎቹ የሮሜሮ ዞምቢዎች ናቸው፤ አንድም ሕግ አልተጣሰም። የተጣመመው ዓለማቸው ነው። ሾን ሥራው የሰለቸው፣ ፍቅረኛው የተወችው፣ ሁልጊዜ አንድ መጠጥ ቤት የሚቀመጥ ሰው ነው። ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሱቅ ሲሄድ ዓለም መጥፋቷን አያስተውልም፤ ሰፈሩ ድሮም እግሩን እየጎተተ ነበርና። ከዚያ የተነከሱትን እናቱን መግደል ግድ ይሆንበታል፤ ሳቁ እዚያ ላይ ይቆማል። ሮሜሮ ፊልሙን ወድዶት ሁለቱን በ2005 ፊልሙ ላይ ዞምቢ አድርጎ አሳይቷቸዋል።

ብራያን ዩዝና በ1993 ባወጣው ፊልም ወጣቱ ከርት በሞተር ብስክሌት አደጋ የሞተችውን ጁሊን በሠራዊት ኬሚካል ያስነሣታል። ረሃቡ ይመጣል። ልጅቱ ረሃቧን የምታስታግሰው ሥጋዋን በሚስማርና በብርጭቆ ስባሪ እየወጋች ነው፤ ፍቅረኛዋን ላለመብላት ራሷን ታሠቃያለች። በጄፍ ቤይና የ2014 ፊልም «ላይፍ አፍተር ቤዝ» ደግሞ ልጅቱ መሞቷን አታውቅም፤ ወላጆቿም አይነግሯትም። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ በእነዚህ ፊልሞች ግን የሚጎዳው ሙቱን መልሶ ያገኘው ሰው ነው።

ስለ ሙያው ትንሽ እንበል። መሳምና መንከስ በካሜራ ዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። አፍ ወደ አንገት ይቀርባል፤ ዓይን ይከደናል፤ ጸጉር ይገለጣል። ፍቅር ይሁን እልቂት የሚወስኑት ድምፁና የትዕይንቱ ርዝመት ናቸው። ከሥር ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ካለ ተመልካች ወንበሩን ይጨብጣል፤ ዝምታ ካለ ትንፋሹን ይይዛል። የተካነ አቀናባሪ ሁለቱን ያቀላቅልና ተመልካቹን ባለበት ይተወዋል። ሜካፑም የራሱ ሒሳብ አለው። ዞምቢው በጣም ከበሰበሰ ማንም አብሮት አያዝንም፤ በጣም ካማረ ማንም አይፈራውም። በ«ዋርም ቦዲስ» የአር ፊት ልቡ መምታት ሲጀምር በጥቂት በጥቂቱ ቀለም እያገኘ ይሄዳል። ዓይን ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ነጭ ሌንስ ያደረገ ተዋናይ ያስፈራል፤ ነገር ግን አሻግሮ ማየት፣ ማፈር፣ መለመን አይችልም። አፍቃሪ ዞምቢ የሚሠራ ሰው ሌንሱን ቢተወው ይሻለዋል።

ዓይኑን በሌላ መንገድ የተጠቀመች አንዲት አፍሪካዊት ዳይሬክተር አለች። ማቲ ዲዮፕ በ2019 በካን ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ያገኘችበት «አትላንቲክስ» በዳካር የተቀረጸ ነው። አንድ ግዙፍ ሕንፃ የሚገነቡ ወጣቶች ለወራት ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ወደ ስፔን በጀልባ ይሄዳሉ፤ ይሰጥማሉ። ከመካከላቸው ሱሌይማን የተባለው አዳ የምትባል ልጅ ወዳጅ ነው። ከዚያ በሌሊት የሰፈሩ ሴቶች ዓይናቸው ነጭ ሆኖ ይነሣሉ፤ የሰመጡት ወጣቶች በሴቶቹ አካል ገብተዋል። ወደ ባለሀብቱ ቤት ሄደው የሚጠይቁት ደሙን አይደለም፤ ደመወዛቸውን ነው። ሱሌይማንም በሰው ገላ ተመልሶ አዳን ያገኛታል። የሄይቲው የሸንኮራ ማሳ፣ የሸዋው ወፍጮ ድንጋይና የዳካሩ ሕንፃ እዚህ ተገናኙ፤ ሙቱ የሚመለሰው የላቡን ዋጋ ሊጠይቅና ስሙን የምታውቀውን ሴት ሊያይ ነው። ናይጄሪያዊው ሲ ጄ ኦባሲም በ2014 ከኪሱ አውጥቶ ማለት በሚቻል ገንዘብ በሌጎስ ድሃ ሰፈር «ኦጁጁ» የሚል የዞምቢ ፊልም ሠርቷል፤ በሽታው የሚመጣው ከተበከለ ውኃ ነው። የሰፈሩ ሰው ውኃው መበከሉን ለማመን ዞምቢ አላስፈለገውም።

ኢትዮጵያስ? የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ከ2000ዎቹ ጀምሮ የኖሩት በፍቅር ፊልምና በፍቅር ኮሜዲ ነው፤ ሰልፉም ገንዘቡም እዚያ ነበር። አስፈሪ ፊልም ብርቅ ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርቡ ሁለት ፊልሞች ግን አሉ፤ ሁለቱንም ያዘጋጁት የውጭ ሰዎች መሆናቸው ራሱ የሚያስቆጭ ነገር አለው። «ቤቲና አማረ» በ2014 የወጣ የጀርመናዊው አንዲ ሲገ ፊልም ነው። ዘመኑ 1936፣ የጣሊያን ወረራ ነው። ቤቲ የምትባል ወጣት ከሞሶሎኒ ጦር ሸሽታ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ጠላት እየቀረበ ነው፤ የአካባቢው ታጣቂዎችም ይተናኮሏታል። በዚህ መካከል ደም የሚጠማ እንግዳ ፍጡር ታገኛለች፤ ትወድደዋለችም። እዚህ ላይ አውሬው ማነው የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመጣል፤ በ1936 ኢትዮጵያ ውስጥ በመርዝ ጋዝ ሰው የሚፈጅ ጦር እያለ አንድ ደም ጠጪ ያን ያህል አያስፈራም።

ሁለተኛው «ክራምስ» ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው ሲሆን ዓለም ካለቀች በኋላ ስለሚሆነው ነው። ሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ የተንጠለጠለ የጠፈር መርከብ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዳንኤል ታደሰ ጎባጣውን ጀግና ሆኖ ይጫወታል፤ ፍቅረኛው ሰላም ተስፋዬ ናት። ሰላምን የአዲስ አበባ ተመልካች የሚያውቃት በፍቅር ፊልም ነው፤ እዚህ ግን በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ትኖራለች፤ ማሽኑም በራሱ ጊዜ ይነሣል። የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅዱስ ዕቃ ይታያሉ። የዳሎል ጨዋማ ምድር በልዩ የፊልም ቴክኒክ ሳይነካ የሌላ ፕላኔት መልክ ሰጥቷል። ያንሶ ውድ የሆነ የፊልም መድረክ አልገነባም፤ ያገኘውን ቦታ በሌላ ዓይን አሳየ።

ይህ ብልሃት ለዋሽንግተን አካባቢ ፊልም ሠሪ በጣም ይጠቅመዋል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በዱክ ስትሪት አጠገብ ላንድማርክ ሞል የሚባል የገበያ ማዕከል ነበር፤ በዙሪያው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በ1965 ተከፍቶ በ2017 ተዘጋ። በ2018 «ወንደር ዉማን 1984» የተባለው ፊልም ቡድን መጥቶ ባዶውን ሞል የ1980ዎቹ ገበያ አስመስሎ አበራው። ሱቆቹ መብራት በርቶላቸው የሚገዛ የለም፤ ቀረጻው ሲያልቅ ዳግም ጨለሙ። በዚያው ዓመት አንዱ የመደብር ክፍል ለጊዜው የቤት አልባዎች መጠለያ ሆኖም አገልግሏል። በ2022 ሞሉ ፈረሰ። ሮሜሮ በ1978 የወጣውን «ዶውን ኦቭ ዘ ዴድ» የቀረጸው በፔንስልቫኒያ ሞል ውስጥ፣ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ በሌሊት ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በአሌክሳንድሪያው ሞል ካሜራ ይዞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ!

አካባቢው ለአስፈሪ ፊልም እንግዳ አይደለም። የ«ኤክሶርሲስት» ቁልቁል ደረጃ ጆርጅታውን ውስጥ ነው፤ ጎብኚ ዛሬም ይወጣበታል። «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በ1997 በሜሪላንድ ጫካ ውስጥ በስምንት ቀን ገደማ ተቀረጸ፤ ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዱ ኤድዋርዶ ሳንቼዝ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ሦስቱ ተዋናዮች ካሜራውን ራሳቸው ይዘው በጫካው ተንከራተቱ፤ የሚሰጣቸውም ምግብ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር የተቀረጸው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ጠንቋይዋ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አልታየችም። ለሜካፕ ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ለጀማሪ ደግሞ ሌላ መለማመጃ አለ። «የ48 ሰዓት የፊልም ፕሮጀክት» የተጀመረው በ2001 በዋሽንግተን ነው። ቡድኖች ዓርብ ማታ ተሰብስበው ዘውግ በዕጣ ያወጣሉ፤ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣቸዋል፤ እሑድ ማታ ከአራት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ያስረክባሉ። አስፈሪ ሊወጣ ይችላል፣ የፍቅር ሊወጣ ይችላል። የዕጣውን ሕግ ጠብቆ የራስን ነገር ማስገባት ደግሞ የዞምቢ የፍቅር ፊልም ዋና ፈተና ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላስ ማን ያሳየዋል? ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዋሽንግተን ለወረደ ሰው መልሱ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል፤ የፊልም ሠሪዎቹ ባልና ሚስት የኃይሌ ገሪማና የሺሪኪያና አይና «ሳንኮፋ» መጻሕፍትና ቪዲዮ ቤት። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉ። ባልና ሚስቱ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። አስፈሪ ፊልም ባይሆንም «ሳንኮፋ» የሚጀምረው ሙታንን በመጥራት ነው፤ በባርነት ያለቁት ተነሥተው ታሪካቸውን እንዲናገሩ። በዚሁ ጎዳና አንዲት ዘመናዊ ሴት ወደ ባሪያዎቹ ዘመን የተወሰደችበት ፊልም ቤት አለው፤ ትንሽ ከፍ ሲባል ደግሞ ሐሰተኞቹ ሙታን እግራቸውን ይጎትታሉ።

እንግዲህ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ ልጅ በአማርኛ የዞምቢ የፍቅር ፊልም ሊሠራ ቢነሣ ከሆሊውድ የሚበደረው ብዙ የለም። የለቅሶው ቤት አለለት። ዕድርተኛው ወንበር ደርድሯል፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበት ገንዘብ እየተዋጣ ነው፤ ሴቶቹ ቡና ያፈላሉ፤ ሁሉም «ነፍሱን ይማረውና» እያለ ስለ ሟቹ ያወራል። አርባው ሳይደርስ አንድ ሌሊት በር ይንኳኳል። በአማርኛ በር ለሚያንኳኳ ሰው «ማነው?» ይባላል፤ እሱም «እኔ ነኝ» ይላል። ስም አይጠራም፤ ድምፁን የሚያውቁት ያውቁታል። ይህ ሰው ግን ድምፅ የለውም። ደግሞ ያንኳኳል።

ሚስቱ ትከፍታለች እንበል። ማዕዱ ቀርቧል። ልማዷ ነውና ከእንጀራው ቆርሳ፣ በወጡ አጥቅሳ፣ ጠቅልላ ወደ አፉ ታደርሳለች፤ ወጡ ጨው አለበት። ካሜራው እዚህ በጣም ይቀርባል። ሦስት ጣቶች፣ አንድ ጉርሻ፣ የተከፈተ አፍ፣ ጥርስ። ዳይሬክተሩ ትዕይንቱን ስንት ሰከንድ ሳይቆርጥ እንደሚያቆየው የሚወስነው ያን ጊዜ ነው።